ለግቢው 12 በር፣ ለሰፈሩ 1 መግቢያ

ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ጎንደር ውስጥ ያልገባሁበት ቅያስ ጥቂት ነው። በር አንኳኳለሁ፣ ውሻ እሰሩልኝ እላለሁ፣ የቆጣሪውን ክዳን ከፍቼ አቧራውን በጣቴ እጠርጋለሁ፣ ቁጥሩን መዝግቤ ወደሚቀጥለው ቤት አልፋለሁ። ይህን ሥራ የሚያከብደው የቤቱ ብዛት እንዳይመስላችሁ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ ነው።

አራዳ ወይም እጨጌ ቤት በኩል ስመደብ ደስ ይለኛል። ዳገቱ ጉልበት ይበላል፣ ድንጋዩ ጫማ ይጨርሳል። ግን የሄድኩበትን መንገድ መልሼ አልረግጠውም። ባንዱ ቅያስ ገብቼ በሌላው እወጣለሁ። ውስጥ ለውስጥ እያልኩ ሳላስበው ሰፈሩን እጨርሰዋለሁ። ወደ ዳር ያሉት አዲሶቹ ሰፈሮች ሲደርሱኝ ነገሩ ይለወጣል። ቅያሱን እስከ ጫፉ እሄዳለሁ፤ ጫፉ ላይ የቆርቆሮ አጥር ይቀበለኛል። ተመልሼ እወጣለሁ። ቀጣዩ ቅያስ ገብቼ ደግሞ ያው። ከአጥሩ ወዲያ ቀጣዩዋ ደንበኛዬ ልብስ ስታሰጣ ትታየኛለች። «ጋሼ፣ ዛሬም ሳትመጣ ልትቀር ነው?» ትለኛለች በአጥሩ ላይ። እንነጋገራለን፣ እንሳሳቃለን። እሷ በር ለመድረስ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሩብ ሰዓት መሄድ አለብኝ።

ሰው ስለ ከተማ ዕድገት ሲያወራ ስለ ፎቅ፣ ስለ አስፋልት፣ ስለ ኮብልስቶን ነው የሚያወራው። አሁን ደግሞ ስለ ኮሪደር ልማት። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ከተማው በሰፋ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይገናኝም። አስፋልት ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል። ሳይገናኝ የቀረ መንገድ ግን ቤት ከተሠራበት በኋላ ማን ያገናኘዋል?

እስቲ ከፋሲል ግቢ እንነሳ። የግቢው አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ነው። በሩ 12 ነው። አካፍሉት፤ በአማካይ በየ75 ሜትሩ አንድ በር ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ነገሥታት የኖሩበት፣ ማንም ዘው እንዳይል ተብሎ የታጠረ ግቢ ነው። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እርግብ በር፣ ተዝካሮ በር እየተባለ እያንዳንዱ የየራሱ ስም ነበረው። እኔ የምኖርበት የማኅበር ሰፈር ዙሪያው ከግቢው ይበልጣል። መኪና የሚገባው ግን በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ንጉሥ ያልፈራውን በር እኛ ምን ሆነን ፈራነው?

ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር ልል አይደለም። አፄ ፋሲለደስ ከተማውን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ የመረጡት ቦታ በምሥራቅ የአንገረብ፣ በምዕራብ የቀሃ ወንዝ የሚያዋስኑት ጉብታ ነው። ሰፈሮቹ በየቤተ ክርስቲያኑና በየሹመቱ ዙሪያ በቀሉ፤ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ ቀኝ ቤት። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ ደግሞ እስላሙ ተለይቶ ለብቻው ይስፈር ብሎ ወሰነ። የዛሬው አዲስ ዓለም ታሪኩ ከዚያ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ የድሮው ጎንደር ሰውን አቀላቅሎ ያኖረ ከተማ አልነበረም። መንገዱን ግን በጥቂቱ የቀየሰው እግር ነው። ሰው ወደ ውሃ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ደጀ ሰላም ይመላለሳል፤ ሁሉም አቋራጭ ይፈልጋል፤ አቋራጩ ቅያስ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ጠማማ ሆኖ ሳለ የሚያገናኘው። በከተራ ታቦታቱ ከየአቅጣጫው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚያሳልፈው ዋናው ጎዳና ብቻ አይደለም። ግማሹ በየቅያሱ ሲንጠባጠብ ነው የሚወርደው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባል አርክቴክት የከተማውን ፕላን ነደፈ። ፒያሳ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ፕላኑ የነጩን ሰፈር ከሀበሻው ሰፈር የለየ የቅኝ ገዢ ፕላን ነበር፤ ይህን ስናይ አብረን ማስታወስ አለብን። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ። የቀየሰው ጎዳና ግን ይኸው እስከዛሬ ባጃጅ ይተራመስበታል። የመንገድ ነገር እንዲህ ነው፤ ከቀያሹም፣ ከመንግሥቱም፣ ከቤቱም በላይ ዕድሜ አለው።

ለንደን ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆኗል። ፋሲለደስ ከማረፋቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1666፣ የለንደን መሀል ከተማ ተቃጠለ። ከ13,000 በላይ ቤት ወደመ። ክሪስቶፈር ሬንን የመሳሰሉ ሊቃውንት ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሉበት አዲስ ፕላን ይዘው ቀረቡ። አልሆነም። ባለይዞታው ሁሉ የየራሱን ቦታ ወሰን ይዞ ስለነበር ከተማው በአብዛኛው በድሮው መንገድ መስመር ላይ ተመልሶ ተሠራ። እሳት ቤቱን በላ፣ መንገዱን አልነቀለውም። እኛ ታዲያ በሰላሙ ጊዜ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቆሞበት፣ እንነቅለዋለን?

ወደ እኛው ልመለስ። በ1987ቱ ቆጠራ የጎንደር ሕዝብ 112,249 ነበር። በ1999ኙ 207,044 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ የእኔ መዝገብ ግን በየጊዜው ይወፍራል። ጉብታው ሞላ። ከተማው ወንዝ ተሻገረ። ወደ ደቡብም በአዘዞ መንገድ ግራና ቀኝ ተዘረጋ። አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ድሮ ለብቻው የቆመ ከተማ ነበር። በልጅነታችን «አዘዞ ሄድኩ» ማለት ጉዞ ነበር። አሁን ከመሀል እስከ አየር ማረፊያው ቤት ያልተሠራበት ቦታ እየጠፋ ነው። ይህ ሁሉ ሰፈር የተንጠለጠለው በአንድ ዋና መንገድ ላይ ነው። ከአንዱ ሰፈር ወደ ጎን ያለው ሰፈር ለመሄድ መጀመሪያ ዋናው መንገድ መውጣት፣ ጥቂት መሄድ፣ ከዚያ እንደገና መግባት ነው። አንድ ሲኖትራክ መንገድ ላይ ቢበላሽ የሚቆመው የአዘዞ ተሳፋሪ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ ጋ ቡና ሊጠጣ የወጣውም ነው።

ይህ እንዴት እንደሚፈጠር ከቅርብ አይቼዋለሁ፤ የማኅበር ቤት ስሠራ። ሰው ይደራጃል፣ በዝግ ሂሳብ ይቆጥባል፣ ይጠብቃል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ከዚያ አንድ ቀን ቦታ ተገኘ ይባላል። ትናንት ጤፍ የተዘራበት ማሳ ነው። ቀያሹ መጥቶ ችካል ይተክላል፤ ዕጣ ይወጣል። ፕላኑ የሚነደፈው ለዚያ ማኅበር፣ በዚያ ማኅበር ወሰን ውስጥ ነው። ከጎን ያለው ማኅበር በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቀያሽ የተከፋፈለ ነው። የዚህኛው ቅያስ ከዚያኛው ቅያስ ጋር ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ሦስት አራት ሜትር ይስታል። ሲገጥም ደግሞ መሀል ላይ ማን እንደሰጠው የማይታወቅ ቦታ ታጥሮ ይገኛል። ለመተላለፊያ የተተወው ክፍት ቦታ ላይ የጨረቃ ቤት ይበቅላል። ካልበቀለም የጥጉ ባለቤት አጥሩን «ለጊዜው» ገፋ ያደርገዋል።

አባሉም ቢሆን መንገድ አይወድም። እውነቱን እንነጋገርና ማንኛችንም አንወድም። መንገድ ቦታ ይበላል። አንድ የሚያሳልፍ ቅያስ ቢጨመር የአንድ ሰው ዕጣ ይቀነሳል፤ ያ ሰው ደግሞ ለዓመታት የቆጠበ ነው። ማን አፉን ሞልቶ «መንገድ ይጨመር» ይላል? ስብሰባው ላይ የተነሳው የቦታው ስፋት፣ የመብራት ምሰሶው፣ የሊቀመንበሩ አበል ነው። መውጫው የት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ዋጋውን ያየነው በጥር ነው። ቅያሳችን ውስጥ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተከለ፤ ሌላ የት ይተከላል? ከድንኳኑ ወዲያ ያሉት ቤቶች ከነባጃጃቸው ተዘጉ። አንዱ ባለባጃጅ ጎረምሳ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ገመዱን ፍቱልኝ ቢል ማን ይስማው። «ወንድም ዓለም፣ ዛሬ ሥራ የለም፣ ግባና ብላ» ብለው ጠላ አስጨበጡት። መጀመሪያ አኮረፈ፤ ማታ ላይ እስክስታው ላይ ከሁሉም በፊት እሱ ነበር። የቀን ገቢው ግን ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ቅያስ ሐዘን ሆነና የሐዘን ድንኳን ቆመ። ለሐዘን ደግሞ ገመድ ፍቱ አይባልም። አራዳ ቢሆን «በላይኛው ዙር» ተብሎ ያልቃል። እኛ ጋ ላይኛው የለም፣ ታችኛው የለም። ሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ስለ እሳት አደጋ መኪና ሲያወራ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሌላው ወፍጮ ቤቱ ነው። ከቤቴ በስልኬ ካርታ ላይ በቀጥታ ለካሁት፤ 150 ሜትር ገደማ ነው። የሞተሩ ድምፅ ሳሎን ውስጥ ይሰማል። በመንገድ ሲኬድ ከኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በመሀል ፈፋ አለ፣ ከፈፋው ወዲህ ደግሞ አጥር አለ። እህል ተሸክሞ ያንን ሁሉ የሚዞር ስለሌለ ባጃጅ ኮንትራት ይያዛል። የኮንትራቱ ሒሳብ ከማስፈጫው ይበልጣል። ባለቤቴ በተናደደች ቁጥር ይህን ሒሳብ ትደግምልኛለች።

ይህ የሚጠና ነገር መሆኑን የነገረችኝ ልጄ ናት። ክሪስቶፈር ባሪንግተን-ሊ እና አዳም ሚላርድ-ቦል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዓለምን መንገዶች ሲያጠኑ ኖረዋል። የሚጠቀሙት ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ካርታ ነው። ሐሳቡ እኔ በእግሬ የማውቀው ነው። መንገድ ከመንገድ የሚገናኝበትን ነጥብ ያያሉ፤ አራት አቅጣጫ ያወጣል ወይስ ሦስት? ወይስ እዚያው ያልቃል? በቀጥታ ቢኬድ ስንት ነበር፣ በመንገዱ ሲኬድስ ስንት ሆነ? መረብ ሆኖ የተያያዘውን ሰፈር ከግንዱ ወጥቶ ጫፉ ላይ ከሚያልቅ ቅርንጫፍ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ከ1975 ወዲህ በብዙ የዓለም ክፍል አዲስ የሚሠራው መንገድ ከቀድሞው ያነሰ የተገናኘ እየሆነ እንደመጣ አሳይተዋል። ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ አሜሪካ ያወጡት ደግሞ አስገረመኝ። እዚያ መውጫ የሌለው ሰፈር መሥራት በ1990ዎቹ አጋማሽ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ በኋላ ወደ መገናኘት መመለስ ጀምሯል። መኪና ለሁሉም የሞላበት አገር የተወውን እኛ፣ አብዛኛው ሰው በእግሩ የሚሄድ ሕዝብ፣ እያነሳነው ነው።

መመሪያ የለም እንዳይባል አለ። የአገራችን የከተማ ፕላን መርሕ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም፣ ዩኤን ሀቢታት፣ እሱም ለመንገድ 30 በመቶ ይላል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥም ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ይመክራል። ጥሩ ነው። ግን በመቶኛ ብቻ አይገመትም። አሥር ሰፋፊ፣ ባለ ኮብልስቶን፣ መብራት ያላቸው፣ ሁሉም አጥር ላይ የሚያልቁ ቅያሶች ሠርቶ 30 በመቶውን ማሟላት ይቻላል። ሪፖርቱ ላይ ያምራል። እኔን ግን ያው አጥር ይቀበለኛል።

ሽሎሞ ኤንጀል የሚባሉ የከተማ ተመራማሪ የሚሉት ይበልጥ ይገባኛል። ከተማው ከመድረሱ በፊት፣ ገና ማሳ ሳለ፣ የዋና ዋና መንገዶቹን መስመር በየ1 ኪሎ ሜትሩ ያዙ፤ ስፋቱን 30 ሜትር አድርጉ፤ አስፋልቱ ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል ነው የሚሉት። ይህ አካሄድ በአገራችን በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ተጀምሮ ነበር። ጎንደር ላይ እንደ ባሕር ዳር ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን እንሥራ ማለት ከተራራው ጋር መጣላት ነው። ግን መገናኘት ቀጥ ማለትን አይጠይቅም። አራዳ ውስጥ ቀጥ ያለ ቅያስ ካገኛችሁ ንገሩኝ። ወሳኙ ችካሉ የሚተከልበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ችካልን ሦስት ሜትር ወደ ጎን ማዛወር ዋጋው የአንድ መዶሻ ምት ነው። ከዓመታት በኋላ ካሳ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው፣ የሰው ዕንባ ነው።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ አትስማማም። በባጃጁ ኮንትራት ብትበሳጭም «ዝግ መሆኑ ነው ደጉ» ትላለች። ልጆች መሀል መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ሲኖትራክ አያልፍም። የማይታወቅ ሰው ሲገባ ሁሉም ያየዋል፤ ሌባም ቢሆን ከገባ መውጫ የለውም። ልክ ናት። እኔም ማታ ከሥራ ስመለስ ጸጥታው ደስ ይለኛል። ግን መኪና መዝጋትና ሰው መዝጋት ለየብቻ ናቸው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የተተከለበት መተላለፊያ ሲኖትራክ አያስገባም። ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ግን ያሳልፋል። ቃሬዛም ያሳልፋል። ይህን ስላት «እሱስ ቢሆን አልጠላም» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ብዙ ነው።

የእኛ ቅያስ ጫፍ ላይ በሁለት ቤቶች መሀል ለጎርፍ መውረጃ ተብሎ የተተወ ክፍተት ነበረ። ወደ ፈፋው ያወጣል፤ ከፈፋው ማዶ ወፍጮ ቤቱ ነው። ልጆቹ ዛሬም የቆርቆሮውን ጥግ ጎንበስ አድርገው ይሾልካሉ፤ ቆርቆሮው ብዙ ትከሻ ስላሸው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ያበራል። ትልልቁ ሰው መሹለክ ያፍራል። በክረምት ልጆቹም አይደፍሩትም። ፈፋው ላይ ትንሽ የእግር ድልድይ ብናደርግ ብለው የተነሱት የዕድራችን ሰዎች ናቸው፤ ብረቱን የሚበይድ አባል አለን፣ መዋጮውም ከሠርግ ስጦታ አይበልጥም። ችግሩ ድልድዩ አይደለም። የጥጉ ባለቤት «ክፍተት የሚባል የለም፣ አጥሬ ድሮም እዚሁ ነው» ይላል። ሰውዬው ክፉ አይደለም። አትክልት ተክሎበታል፣ ቆስጣው ያምራል፣ ከኛም ጋር ቡና ይጠጣል።

ኮሚቴው ችካሉ የት እንደነበር የሚያስታውሱ ሦስት ሰዎች መረጠ፤ አንዱ እኔ ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦታው ላይ እንገናኛለን። የሌሎቹን አላውቅም፣ እኔ የማስታውሰው በሥራዬ ምክንያት ነው። የዚያ ቤት ቆጣሪ ሲገባ ከአጥሩ ሥር ጥጉ ላይ ተጠግቶ ነው የተተከለው፤ ለማንበብ ጀርባዬን ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ ነበር የምቀመጠው። አሁን ስሄድ ቆጣሪው ቆስጣው መሀል ነው። ከአጥሩ ሁለት እርምጃ ይርቃል። ቆጣሪውን ነቅሎ ያዛወረ ሰው ቢኖር መዝገቤ ላይ ይታይ ነበር። የተዛወረው አጥሩ ነው። ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ማታ ለብቻው ላናግረው አስቤያለሁ።